ጉርሻ የማይፈልግ እንግዳ

ድሬ ውስጥ እንግዳ ብቻውን አይተውም። ነውር ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ስሙ ሳይጠየቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርብለታል። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ «አቦ ወዴት ነው፣ ቁጭ በል!» ይከተላል። ያደግሁት እንዲህ ነው። የእንግዳዬን የመጀመሪያ ሳምንት ያበላሸሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግንቦት በገባ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ከሐረር የጫማ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካርቶኑ በእስክርቢቶ ተበሳስቷል። «አክስቴ፣ እንዳትጮሂ» አለኝ። ይህን ካለ የሚያስጮህ ነገር አለ ማለት ነው። ከፈትኩት። ከስንዝር ትንሽ የሚያልፍ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ እስስት ጥግ ይዞ ተጠቅልሏል። አንዱ ዓይኑ እኔን ያያል፣ ሌላው ልጁን።

ከሐረር ሲመጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ሚኒባሱ ጎማ ሊቀይር ይቆማል። ልጆች እስስቱን እግሩን በክር አስረው እንጨት ላይ ሲያመላልሱት ያያል። ለብስኩት የተሰጠውን ሃምሳ ብር አውጥቶ ይገዛዋል። አልተቆጣሁትም፤ አዝኖለት ነው። እናንተን ግን ልቆጣ፤ አትግዙ። ሃምሳ ብር ያገኘ ልጅ ነገ ሌላ እስስት ፍለጋ ቁጥቋጦ ሲያምስ ይውላል። ደግሞም የዱር እንስሳ ነው፤ ዝም ብሎ አምጥቶ ቤት ማስቀመጥ የለም።

ወዲያው ብንመልሰው ደስ ባለን። ግን ክሩ የግራ የፊት እግሩን ቆርጦታል። የእስስት ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው የተጣበቁ ናቸው፤ ቅርንጫፍ የሚይዙት እንደ ጉጠት ነው። መጨበጥ ያልቻለ እስስት ይወድቃል። የወደቀ ደግሞ የድመት ነው።

ይመለከተዋል ያልኩት ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ትንሽ ዝም አለ።

«እስስት?»

«አዎ፣ እስስት።»

«ነክሷችኋል?»

«አልነከሰንም። ታሟል።»

እንደገና ዝም። ከዚያ ሌላ ሰው ጠይቆ ተመለሰ። እግሩ እስኪድን እንድናቆየው፣ ሲድን ከተያዘበት አካባቢ እንድንመልሰው ነገረኝ። ስሜንና ስልኬን መዘገበ። ጥሩ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ እየደወለ «ልጁ እንዴት ነው?» ይለኛል። ልጁ የሚለው እስስቱን ነው።

የእንስሳት ሐኪሙም ቢሆን ግመልና ፍየል የለመደ ነው። ግን ተጠንቅቆ ያዘው፣ ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበው፣ ሰገራውን ለጥገኛ ትል ምርመራ እንዳመጣ አዘዘኝ። ከዱር የተያዘ እስስት ሆዱ ውስጥ ትል መኖሩ የተለመደ ነው። ጤነኛ ሲሆን ይችለዋል፤ ሲጨነቅ ነው የሚጥለው። ይህችን «ሲጨነቅ» የምትል ቃል ያኔ አልፌያት ሄድኩ።

ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሷም ዕድሜዋን በሙሉ በባቡር ነው የምትለካው። እስስቱ እጄ ላይ ሲራመድ አየችው። አንድ እግር ያነሳል፣ ወደፊት ይወዛወዛል፣ ወደኋላ ይወዛወዛል፣ ያስባል፣ ከዚያ ያሳርፋል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ለመምሰል ነው እንዲህ የሚሄደው። እማዬ አማተበችና፣ «የድሮው ባቡር ከለገሃር ሲነሳ ልክ እንዲህ ነበር» አለች። ባቡሩ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ባቡሩን ተቀበልነው። እንደ ድሬ ወግ።

የወንድሜን የድሮ የዓሣ መስታወት አጠብኩ፣ ውስጡ አሸዋና አንድ እንጨት አደረግሁ፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ በሲኒ ማስቀመጫ። ጎመን ሁሉ ቆርጬለት ነበር። በማግስቱ ወሬው ሰፈር ደረሰና ጎረቤት ይጎርፍ ጀመር። ልጆች መስታወቱን ያንኳኳሉ። አንዷ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ጥርሳችሁን እንዳታሳዩት! ከቆጠረው ይረግፋል!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር ሳሎናችን።

እኔ ደግሞ በመቆንጠጫ ፌንጣ ይዤ አፉ ድረስ። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ጉርሻ መሆኑ ነው። ባቡሩ ጎኑን ነፋ፣ አፉን ከፈተ፣ እፍፍ አለብኝ። እኔ ርቦት መሰለኝ።

አምስት ቀን አልበላም። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ነው። አንዳንዴ መስታወቱ ላይ ዞሮ ማንንም ሳይሆን ራሱን ያስፈራራል። ስድስተኛው ቀን ላይ ዓይኖቹ ጎድጎድ ብለው አየኋቸው። ያን ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። አብዛኛው ጽሑፍ ከቀይ ባሕር ማዶ ስላለው የየመን እስስት ነው፤ ሰው ቤት በብዛት የሚረባው እሱ ነው። የእኛው ደገኛ ብርዱንም ሙቀቱንም በሌላ መጠን ነው የሚፈልገው። ሆኖም ዋናው ነገር አንድ ነው። ሲነጋ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፤ ያደረግሁት መልካም ነገር ሁሉ እሱን የሚያስፈራራ ነበር።

መስታወቱን እንውሰድ። እስስት ብቸኛ ፍጥረት ነው። ሌላ እስስት ማየት አይፈልግም፣ ጥላውንም ጭምር። እኔ ቀንና ሌሊት ከጠላቱ ጋር ቆልፌበታለሁ። ድሬ ውስጥ በግንቦት መስታወት ሳጥን ምጣድ ማለት መሆኑን ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

መሬት ላይ ማስቀመጤም እንዲሁ። ጭልፊት የሚመጣው ከላይ ነው። ከላይ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ፊት ሁሉ ለእሱ ጭልፊት ነው፣ የእማዬም ፊት ሳይቀር። እስስት የሚረጋጋው እናንተን ቁልቁል ሲያይ ነው።

ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ያለውን ውሃ ውሃ መሆኑን አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ቅጠል ላይ የሚንከባለል ጠብታ ነው፤ ጤዛና ዝናብ። ውሃ ፊቱ ተቀምጦ ይጠማው ነበር ማለት ነው። ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄጄ ስልሳ በስልሳ፣ ቁመቱ መቶ ሃያ ሳንቲሜትር የሆነ የብረት አጽም አሠራሁ። ብየዳው «ለዶሮ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ለእስስት» ስለው ዋጋ ላይ ሃያ ብር ቀነሰልኝ፤ ከአዘኔታ ይሁን አላውቅም። ዙሪያውን ለመስኮት የሚሆነውን የትንኝ ወንፊት ወጠርኩ። አየር እንደ ልብ ይገባል፣ ራሱን አያይበትም። በረንዳው ላይ በአባቴ የቆርቆሮ ሳንዱቅ አናት ላይ አቆምኩት። ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ከጭንቅላቴ በላይ ሆነ። አራቱን እግሮች ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ከተትኩ፤ እማዬ የማር ማሰሮ ከጉንዳን የምታድንበት ዘዴ ነው። ድመት ለመከላከል ደግሞ በሩን በሽቦ አሰርኩ።

ቅርንጫፉን ከጓሯችን የዘይቱን ዛፍ ቆረጥኩ። ጣት የሚያህል፣ አንዳንዱ ቀጠን፣ አንዳንዱ ወፈር ያለ፤ ቁስለኛው እግር የሚመቸውን ይምረጥ ብዬ ነው። በጠርሙስ ውሃ የምናሳድገውን ሐረግ ጣሳ ላይ ተክዬ ገባሁለት። እስስት መደበቂያ ቅጠል ከሌለው ገበያ መሃል ራቁቱን የቆመ ያህል ነው። አጥር ላይ ካለው ቅንጭብ ግን እንዳትቆርጡ። ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ የሰውም የእንስሳም።

ውሃውን እንዴት እንደፈታሁት ስናገር ትንሽ እኮራለሁ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ወሰድኩ፣ ከውሃ ጠርሙስ ጋር አገናኘሁት፣ ጎማውን በማስተካከያዋ አጥብቄ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ሐረጉ ላይ እንዲወርድ አደረግሁ። ከታች ጣሳ ይቀበለዋል። ባቡሩ ሰዓት ያህል አንገቱን ሰበር አድርጎ አየው። ከዚያ ተጠጋ። አፉን ከፍቶ፣ ጠብታው ምላሱ ላይ እያረፈ፣ አስር ደቂቃ ያህል ጠጣ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጠዋትና አመሻሽ ደግሞ ቅጠሉን በፀጉር ቤት ውሃ መርጫ አርሳለሁ። አዲስ ግዙ። ፍሊት ወይ በረኪና የነበረበትን ጠርሙስ አጥባችሁ እንዳትጠቀሙ። በሁለቱ መሃል ቤቱ መድረቅ አለበት፤ ሁሌ እርጥብ ከሆነ ሳንባው ይታመማል። በቂ ውሃ ማግኘቱን የምታውቁት ከኩሱ ነው። ከጥቁሩ ጋር የሚወጣችው ድንች የመሰለች ቁራጭ ነጭ ከሆነች ጥሩ ነው። ብርቱካናማ ከሆነች ጠምቶታል። እኛ ቤት ቁርስ ላይ የሚወራው ይኼ ሆኗል።

ፀሐይ የራሱ ጣጣ አለው። እስስት አጥንቱን የሚያጠነክረው በፀሐይ ነው፤ ጨረሩ ቆዳው ላይ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፣ ያ ከሌለ የበላው ካልሲየም አጥንቱ ውስጥ አይገባም፣ እግሩ እንደ ሰም ይጎብጣል። ይህ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ «ፀሐይ ይገባል» ማለት ዋጋ የለውም። የውጭ አገር ሰዎች ለዚህ ልዩ መብራት ይገዛሉ። እኛ ድሬዎች ከፀሐይ በቀር ምን አለን? ችግሩ መብዛቱ ነው። ባቡሩ የደንገጎ ልጅ ነው። እዚያ ላይ አመሻሽ ላይ ሰው ጋቢ ይለብሳል፤ እኛ ጋ በግንቦት ሌሊት እንኳ ፍራሽ አውጥተን በረንዳ ላይ ነው የምንተኛው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል፣ ያውም ግማሹ ቤት ጥላ ሆኖ፣ ሲበቃው ራሱ እንዲሸሽ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል እርጥብ ጆንያ እሰቅላለሁ። ነፋሱ በጆንያው ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ገንቦ ውሃ የምታቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። አፉን ከፍቶ ካየሁት ጆንያውን ደግሜ አርሳለሁ፤ ሙቀት በዝቶበታል ማለት ነው።

ምግቡን የሚያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ፌንጣው ከባቡሩ ጭንቅላት ስፋት አይብለጥ። ከጫት ማሳና ከማሳው ዳር አይያዝ። የእኛ አገር ጫት መድኃኒት እንደሚረጭ የማያውቅ የለም፤ መርዙን የበላ ፌንጣ እየዘለለ ሊመጣ ይችላል፣ የሚሞተው የበላው ነው። በ2012 አንበጣ ሰማዩን የሸፈነ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ባቡሩን ጾም ነበር የማሳድረው፤ ያኔም በየቦታው መድኃኒት ይረጭ ነበር። የተያዙትን ፌንጣዎች አንድ ቀን ካሮትና ጎመን አበላቸዋለሁ። የቆረጥኩት ጎመን እንዲህ በዞር መንገድ ደረሰው። ከመስጠቴ በፊት በደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት አቧራ አንከባልላቸዋለሁ፤ ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ እንደ በርበሬ አልሜ። መድኃኒት ቤት የካልሲየም ኪኒን ሞልቷል፣ ግን ብዙዎቹ ቫይታሚን ዲ አለባቸው። ፀሐይ ለሚያገኝ ትንሽ እንስሳ መጠኑን መገመት አልደፈርኩም። ማታ ያልተበላ ፌንጣ ቤቱ ውስጥ አይደርም። ምሽት ላይ የተኛውን እስስት መልሰው ይነክሱታል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ መተው ነው።

ሁለት ሳምንት ማንም እንዳይነካው፣ ፊቱ ቆሞ እንዳያየው ወሰንኩ። የቤቱን ሦስት ጎን በአሮጌ ነጠላ ሸፈንኩ። ውሃ መሙላት፣ ፌንጣ መልቀቅ፣ ቁስሉን ከሩቅ ማየት፣ መሄድ። ጎረቤት ሲመጣ «ተኝቷል» እላለሁ። አንዷ፣ «አቦ፣ ይኼ እስስት ነው ሚኒስትር?» አለችኝ። ተቀየመችም። በድሬ እንግዳ ደብቆ ማስቀመጥ ቀላል ወንጀል አይደለም። የእህቴ ልጅ ደግሞ በቀን አርባ ጊዜ፣ «ባልነካው፣ ባላናግረው፣ በአንድ ዓይኔ ብቻ ባየውስ?» ይላል። በአንድ ዓይን ማየት የባቡሩ ሥራ ነው አልኩት።

ስምንተኛው ቀን ላይ ቀለሙ ተለወጠ። ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይነሳል፤ ይህ ፍርሃት አይደለም፣ በርዶት ፀሐይ ለመሳብ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ጠፍጠፍ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ የወይራ ቅጠል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ነጣ ያለ መስመር። ይህን ቀለም ሳላየው አስራ አራት ቀን ቤቴ ኖሯል። የቆመበትን ነገር ይመስላል የሚባለው ወሬ ነው፤ ሰማያዊ ነጠላ ላይ ብታስቀምጡት ሰማያዊ አይሆንም። ቀለሙ ሙቀቱንና ስሜቱን ነው የሚናገረው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የማዳጋስካር እስስት ላይ ምሥጢሩን አሳይተዋል፤ ቆዳው ውስጥ በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ፣ እንስሳው ሲረጋጋ ይቀራረባሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፣ ብርሃኑም በዚያው ልክ ሌላ ቀለም ይዞ ይመለሳል። እኛ ተገለባባጭ ሰው ስናይ «እስስት» እንላለን። እስስትማ የከፋው ቀን መክፋቱን ቆዳው ላይ ጽፎ ነው የሚውለው። እንዲህ ያለ ተገለባባጭ አሳዩኝ።

ማታ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስቃኝ፣ ዘይቱኑ ጫፍ ላይ፣ ጅራቱን እንደ እንዝርት ክር ጠቅልሎ፣ ከዳቦ ሊጥ ነጥቶ ተኝቷል። ዓይኖቹ ድፍን። እስስት ሲተኛ እንዲህ ይነጣል። ቀን ላይ ዓይኑን ከጨፈነ ግን ለሐኪም ደውሉ። ብርሃኑን ቶሎ አጠፋሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ያስፈልገዋል፤ በረንዳችን ላይ ማታ አምፖል ከበራ ስንት ጊዜ ሆነው።

ጽሑፉን የጀመርኩት ዛሬ ስለሆነው ነገር ነው። እግሩ ድኗል ማለት ይቻላል። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ቆይ ብሎኛል፤ ከዚያ ደንገጎ። ከሰዓት በኋላ እማዬ ቡና አፈላች፣ በረንዳ ላይ፣ ጭሱ ወደ ባቡሩ እንዳይሄድ ከሰሉን ወደ በሩ አርቃ። ዕጣን አላጨሰችም። ረከቦቱን ዘረጋችና ወንበሯን አዞረች። ጀርባዋን ለእንግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ለማንም ጀርባዋን ሰጥታ ቡና ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ለጥርሱ ነገር መቼም አይታወቅም። «ምን ታያላችሁ፣ ዙሩ» አለችን። እኔና የእህቴ ልጅ ወንበራችንን አዞርን። ሦስታችንም ግድግዳ እያየን አቦሉን ጠጣን።

ቶና ላይ፣ ከጀርባችን፣ ጧ አለ። ከዚያ የማኘክ ድምፅ።

ማንም አልዞረም።